አባቴ በቆርቆሮ ሽንቁር ያዩት ከተማ

እኛ ላሊበላዎች መታየት እንጂ ማየት አላደግንበትም። ፈረንጁ ያየናል፣ ተሳላሚው ያየናል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሥልጣንም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ያየናል። ስንታይ ኖረን ስንታይ እናረጃለን። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንዲሉ፣ እኔም አስጎብኚው የስንቱን አገር ሰው ሳስጎበኝ ኖሬ አንድ ከተማ በወጉ ጎብኝቼ አላውቅም ነበር።

በኋላ የጎበኘሁትም በእህቴ ትእዛዝ ነው። ብርቱካን አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ደርሷት አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። እናታችን ካረፈች ወዲህ አባታችን ላሊበላ አጠገብ ባለችው ብልባላ ብቻቸውን መሆናቸው እንቅልፍ ነሳት። እኔ በየሳምንቱ ከላሊበላ እየሄድኩ መጠየቄን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

«አምጣቸውና ከተማውን አሳያቸው» አለችኝ በስልክ። «ከወደዱት እኔ ዘንድ ይቀራሉ። አስጎብኚ አይደለህ?»

እንግዲህ ጭንቄን ተመልከቱልኝ። ሥራዬን አሳምሬ ከሠራሁ አባቴን አጣለሁ፤ ካበላሸሁት ደግሞ በሙያዬ አፍራለሁ።

መጀመሪያ ላይ የሚያሰጋ ነገር አልነበረም። እኔ እንኳ ልቤ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ መብራቱና ሱቁ ሲያጓጓኝ፣ ሰዉ ሰላም ሳይባባል ሲተላለፍ ሳይ ደግሞ ቅር ይለኛል። አባቴ ግን ወይ ፍንክች! አዲሱ ባቡር ድልድዩ ላይ ሽው ሲል አሳየኋቸው። «ምን ጠፍቶበት ነው?» አሉ። የብርቱካንን ቤትማ ጨርሶ አልወደዱትም።

«ከበታቻችን ማን አለ?» አሏት በመጀመሪያው ማታ።

«ጎረቤት ነው አባባ።»

«ከነሱስ በታች?»

«እነሱም ጎረቤት ናቸው።»

«አዪ! በሰው ራስ ላይ ቆመን ነዋ የምንጸልየው።»

እኔ በሆዴ ሳቅሁ። አባቴን ይዤ እንደምመለስ እርግጠኛ ሆንኩ።

ጉዱ የመጣው በማግስቱ ነው። በእግራችን ስንዘዋወር አባቴ አንድ በቆርቆሮ የታጠረ ግንባታ አጠገብ ቆመው በሽንቁሩ አጮልቀው ቀሩ። ብጠራቸው አይሰሙም። ጠጋ ብዬ ባይ ገደል የሚያህል ጉድጓድ ነው፤ ሥሩ ላይ ሠራተኞች አለት ይፈልጣሉ። አባቴ ጫማቸውን አወለቁ፣ አማተቡ፣ ቆርቆሮውን ተሳለሙ። መንገደኛው ቆሞ አየን፤ አንዷማ በስልኳ ፎቶ አነሳችን። የላሊበላ ሰው አዲስ አበባ ሄዶም ይታያል።

«እዚህም ጀመሩ!» አሉኝ እንባ አቅርረው። «ከላይ ወደ ታች! በማን ስም ነው የሚታነጸው?»

አትፍረዱባቸው። ለእሳቸው ከላይ ወደ ታች የሚፈለፈል ቤት የእግዚአብሔር ቤት ብቻ ነው። ላሊበላ ሆቴል ሲሠራ አይተዋል፤ የዚያ መሠረት ግን ከወገብ አያልፍም። ይህን ያህል አለት መኪና ለማሳደር ይፈለጣል ብሎ ማን ያስባል? እኔ በሩ ላይ የተሰቀለውን የሕንፃ ሥዕል አይቼ ነገሩን አውቄዋለሁ። ነገር ግን ፊታቸው እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲያ በርቶ አያውቅምና ዝም አልኩ።

ማታ «እስኪያልቅ እሰነብታለሁ» ሲሉ ብርቱካን እልል አለች። «እውነትም አስጎብኚ!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ ወዲያ አባቴ በየማለዳው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሽንቁራቸው ይሄዱ ጀመር። ሰው በሰው ይቀናል፤ እኔ በጉድጓድ ቀናሁ።

የመመለሻዬ ቀን አላስቻለኝም። ቆርቆሮው ሥር ሆነን፣ «አባባ፣ ይሄ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» አልኳቸው። «የንግድ ሕንፃ ነው። ሥሩ መኪና ማደሪያ ነው።»

ጫማቸውን አጠለቁ። ከዚያ በጎን አዩኝ።

«በመጀመሪያው ቀን ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ታዲያ ዛሬ ምን አናገረህ? ልትወስደኝ ነው?»

ዞሬ በሽንቁሩ አጮለቅሁ። ለስንቱ ፈረንጅ መልስ የማላጣ ሰውዬ!

«እሷም ልጄ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «አንተ በየሳምንቱ ታየኛለህ። እሷ መቼ አየችኝ?»

ብቻዬን ተመለስኩ።

ባለፈው ሰሞን ብርቱካን ደወለች፣ ሳቋ እያቋረጣት። በኮንዶሚኒየሙ ልጆቻቸው ከየገጠሩ ያመጧቸው ሽማግሌዎች ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ ይውላሉ። አባቴ እነሱን አሰልፈው ወደ ቆርቆሮው ይወስዷቸዋል አሉ። በየተራ በሽንቁሩ ያሳዩአቸውና፣ «ይሄ የመኪና ነው። የእኛን አገር ብታዩት!» ብለው አለት ከላይ ወደ ታች እንዴት እንደሚፈለፈል ያስረዳሉ። ሽማግሌዎቹም ልጆቻቸውን መውጫ መግቢያ አሳጥተው ለገና ላሊበላ ሊመጡ ተስማምተዋል።

አባቴም ይመጣሉ፤ ብልባላ ተወልደው አርጅተው፣ ከአዲስ አበባ እንደመጣ እንግዳ። ደስታዬን አልደብቃችሁም። ማረፊያቸውን አዘጋጅቻለሁ፣ የአስጎብኚ መታወቂያዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ልቀበላቸው ተሰናድቻለሁ። ትናንት ግን አባቴ ስልኩን ከብርቱካን ተቀብለው፣ «አንተ ከኋላ ሆነህ ጫማ ጠብቅልን፤ እንግዶቹ የለመዱት የኔን አገላለጽ ነው» አሉኝ።

ያለ ፈቃድ ማስጎብኘት ክልክል ነው ይባላል። እስቲ ደፋሮች ከሆናችሁ እናንተ ለአባቴ ንገሩልኝ።