እርጅናን ያዘገዩት ጎረቤቴ

ረጅም ዕድሜ የሚመኝ እንጂ እርጅናን የሚመኝ ሰው አላየሁም። ስንመርቅ እንኳ ዕድሜ ይስጥህ ብለን እናበቃለን፤ የጉልበቱን ሕመም፣ የዓይኑን መፍዘዝ አናነሳም። ታዲያ በደርግ ጊዜ ሬድዮ የውጭ አገር ሊቃውንት እርጅናን በምርምር ሊያዘገዩት ነው ሲል፣ ከጎረቤቴ ከአቶ ላሚሶ በላይ የተደሰተ ሰው በአዋሳ አልነበረም።

አቶ ላሚሶ በሰፈራችን በአዲስ ከተማ ልብስ ይሰፋሉ። ትንሽ መብላትና ብዙ መራመድ ነው መድኃኒቱ መባሉን እንደሰሙ በቅቤ ከሚታሸው የእንሰት ምግባቸው፣ ከቡርሳሜው ላይ ቅቤውን አስቀነሱ፤ በየማለዳው ሐይቁን ዳር ዳሩን ይነጉዱ ጀመር። ባለቤታቸው ያለ ቅቤ ምን ቡርሳሜ አለ ብለው ቢያዝኑ ማን ይስማቸው? እውነቱን ለመናገር ግን ሰውየው አማረባቸው። ይህን ለራሳቸው ይዘውት ቢቀሩ ምን ነበረበት? በቀበሌው የውይይት ክበብ ብድግ ብለው፣ ሳይንስ አሥር ዓመት እንደቀነሰላቸው መሰከሩ። እኛም አጨበጨብን። በዚያ ዘመን ያልተጨበጨበለት ምን ነገር ነበር?

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ቀበሌው ለሚሊሺያ ዘማች መመልመል ጀመረ። በዕድሜ የገፋ ይቀራል ስለተባለ አቶ ላሚሶ አርጅቻለሁ ብለው ቀረቡ። የልደት ወረቀት የላቸውም። ሊቀመንበሩ ከእግር እስከ ራሳቸው ተመለከታቸውና፣ «ጓድ ላሚሶ፣ ሳይንስ የቀነሰልዎን ዕድሜ እኛ መልሰን አንጨምርልዎትም» አላቸው።

አሁን ይህ ያስቃል? ቤታቸው ለቅሶ ቤት ሆነ። ልጆቻቸው የሚበሉት ከዚያች የስፌት መኪና ነው፤ እሳቸው ከዘመቱ ማን ይረግጣታል?

ያተረፏቸው ከገጠር የመጡ የሲዳማ ሽማግሌዎች ናቸው። ላሚሶ ከእነማን ጋር ከብት እንደጠበቀ፣ ከእነማን ጋር እንደተገረዘ እናውቃለን አሉና፣ ወገባቸው የጎበጠ የአቶ ላሚሶን እኩዮች ቀበሌው በር ላይ ደረደሩ። ሊቀመንበሩ እኩዮቹን አየ፤ አቶ ላሚሶን አየ፤ ስማቸውን ከዘማቾቹ ዝርዝር ሰረዘ።

ምርምሩ እኛ ዘንድ አልደረሰም የሚል ካለ ተሳስቷል። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በሰፈራችን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ወንድ ጠፋ፤ እኔም ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ከዘራ ገዛሁ።