ባለ አምስት ኮከቡ አምፖልና የአባቴ ዳፍንት

«የተማረ ይግደለኝ» ያለው ሰው ምን ዓይነት ሞት እንዳማረው አላውቅም። የተማረ ሰው እንዴት እንደሚገድል ግን በቅርብ አውቃለሁ፤ የተማርኩት እኔ ነኝና። የተማረ ሰው በጦር አይወጋም፣ በመርዝም አይጨርስም። ቁጭ ብሎ ያስረዳል። ሟችም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ብሎ እስከ በር ይሸኘዋል።

ነገሩ የአምፖል ነገር ነው። አምፖል ደግሞ ምን ወግ አለው አትበሉኝ፤ እኔም እንደዚያ ስል ነው እዚህ የደረስኩት።

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ ማለት ሥልጠና ሲመጣ የሚላክ ሰው ነው። አምና መስቀል እንዳለፈ የአንድ ቀን ሥልጠና መጣና ተላክሁ። የአምፖል ካርቶን ላይ ያለውን የኃይል ቁጠባ ምልክት እንዴት እንደምናነብ ሊያስተምሩን ነው። ጠዋት አሠልጣኙ አንድ ካርቶን ከፍ አድርጎ አሳየን። አምፖሉ ተፈትኖ ኮከብ ይሰጠዋል፣ ኮከቡ በበዛ ቁጥር ኃይል ቆጣቢ ነው አለን። ገባኝ። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ገባኝ። ከምሳ በኋላ ያለው ርዕስ ስለ ብርሃን መጠን ነበር። አምፖል ብርሃን እንደሚሰጥ ለማወቅ ደግሞ ሥልጠና ያስፈልጋል? እንደ መሥሪያ ቤታችን ልማድ የከሰዓቱንም ፊርማ ጠዋት ፈርሜ ነበር። ስለዚህ ስሜ አዳራሹ ውስጥ ሲሠለጥን፣ እኔ በእግሬ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ። የምስክር ወረቀቴን የሥራ ባልደረባዬ ተቀብሎልኝ ይኸው ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ሴት የኤሌክትሪክ ዕቃ ትሸጣለች። ባለ አምስት ኮከብ ስጪኝ አልኳት። ለምን ዓይነት ክፍል እንደሆነ ልትጠይቀኝ ጀመረች፤ ሠልጥኜ መምጣቴን ነግሬ አስቆምኳት። ከባለ አምስት ኮከቦቹም መሀል በጣም ጥቂት የሚበላውን፣ ባለ ሦስት ዋቱን መረጥኩ። ቁጠባ ከሆነ አይቀር እስከ ጫፉ ነው። ከዚያ የአንጋጫ መኪና ውስጥ ገባሁ።

አባቴ የሚኖረው አንጋጫ አጠገብ ነው። ገበሬ ነው፤ በልጅነቱ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ማንበብ ተምሯል። እሁድ ጀንበር ስትጠልቅ የአካባቢው ካቶሊክ ቤተሰቦች እሱ ቤት ይሰበሰቡና ወንጌል ያነብላቸዋል። ይህን የሚያደርገው እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ነው። እርሻውን ለወንድሜ ለቆለታል፣ ገበያ መውጣትም ትቷል። የቀረችለት ያቺ የእሁድ ወንበሩ ነበረች።

ከወንበሩ በላይ ያ የድሮው ቢጫ አምፖል ተንጠልጥሏል። የድሮ ሰው የአምፖልን ጉልበት በሻማ ነው የሚቆጥረው፤ ያኛው ባለ መቶ ሻማ ነበር። ይሄ ኤሌክትሪክ ጨራሽ ነው ብዬ ነቀልኩትና ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ወረወርኩት። አባቴ አዲሱን በእጁ እያገላበጠ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤

«ስንት ሻማ ነው?»

ሳቅሁበት። በሻማ መቁጠር ቀርቷል፣ አሁን የሚቆጠረው በኮከብ ነው፣ ይሄ አምስት አለው፣ ከዚህ በላይ አልተሠራም ብዬ ጎረቤቶች ባሉበት አስረዳሁት። አምፖሉ ሲበራ ቤቱ ትንሽ የመሸበት መሰለ። ዓይናችሁ እስኪለምደው ነው አልኳቸው። አባቴ አመሰገነኝ፤ ጎረቤቶቹም የተማረ ልጅ ስለሰጠው እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

ገና በወሩ ወንድሜ ደወለ። የአባባ ዓይን እየደከመ ነው፣ ቀን ያያል፣ ሲመሽ ግን ፊደሉ ይጠፋበታል አለኝ። ሠፈሩ ተማክሮ ዳፍንት ነው ብሎ ፈረደ። የዳፍንት መድኃኒት ደግሞ ጉበት ነው። አባቴ ጉበት ሲሸተው እንኳ ፊቱን ያዞራል፤ ግን በላ። ካሮትም በላ። ጤና ጣቢያ ሄዶ በቀን ብርሃን ቢያዩት ደህና ነህ ብለው መለሱት። እኔም በመኪና ቫይታሚን ላክሁለት፤ ደግ ልጅ አይደለሁ? አምፖሉን የጠረጠረ ሰው አልነበረም። እንዴትስ ይጠረጠራል? እሱ አምስት ኮከብ አለው፣ አባቴ አንድም የለው። ከሁለቱ አንዱ ደክሟል ከተባለ የደከመው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ዘንድሮ ለመስቀል ሄድኩ። እሁድ ሲመሽ ሰዎቹ ተሰበሰቡ፤ አባቴ ግን ከበሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ጎረቤታችን ጴጥሮስ ነው። ለካ አባቴ በፋሲካ ሰው ሁሉ ባለበት መርቆ መጽሐፉን ለጴጥሮስ አስረክቧል። ጴጥሮስ መጽሐፉን ገለጠና የስልኩን ባትሪ አበራ። ይሄ ሰው የማን ላም የማን ማሳ እንደገባች ከማዶ ሆኖ የሚለይ ነው። ታዲያ ባትሪ ለምን አስፈለገው? ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁት። ራሱን በደንብ ያሳያል፤ ከራሱ ሌላ የሚያሳየው ነገር ግን የለም።

በማግስቱ ሆሳዕና ገብቼ በቀጥታ ወደ ሴትየዋ ሱቅ ሄድኩ። ሐሰተኛ ዕቃ ሸጠሽልኛል ልላት ነበር። እሷ ግን ሳትቆጣ የዚያኑ አምፖል ካርቶን አዙራ አሳየችኝ።

«ኮከቡ እኮ የሚበላውን ከሚሰጠው ጋር አመዛዝነው ነው የሚሰጡት» አለችኝ። «ጥቂት በልቶ ጥቂት የሚያበራም አምስት ያገኛል። ምን ያህል እንደሚያበራ ጎኑ ላይ በሉመን ተጽፎልሃል። የድሮውን መቶ ሻማ የሚተካው ይሄኛው ነው።» ሌላ ካርቶን አቀበለችኝ፤ ገዛሁት።

የት ሠለጠንሽ ብዬ ጠየቅኋት። ካርቶኑን አንብቤ ነው አለችኝ። እንግዲህ ያመለጠኝ የከሰዓቱ ሥልጠና ይሄ ነው። አባቴ በሦስት ቃል ጠይቆኝ የሳቅሁበትም ይሄው ነው። አምፖሉ አልዋሸም፤ ኮከቦቹም እውነተኛ ነበሩ። ያልተፈተነው የኔ የምስክር ወረቀት ነው።

ቅዳሜ አዲሱን ይዤ ተመለስኩና ሰቀልኩት። ቤቱ ቦግ አለ። ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት፤ ከሥልጠናው አምልጬ መውጣቴንም አልደበቅሁም። እሱ መጽሐፉን ገለጠ። አንድ መስመር ጮክ ብሎ አነበበ፣ ሁለተኛውን ደገመ፣ እስከ ገጹ መጨረሻ ሄደ። ከዚያ ዘጋውና እጁን ከላዩ ላይ አሳረፈ። እንዲሰድበኝ ፈልጌ ነበር፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«ያን ሁሉ ጉበት እንዲያው ነው የበላሁት በለኛ» አለኝ።

ነገ ለሰዎቹ ንገራቸውና ወንበርህን ውሰድ፣ ጴጥሮስም ደስ ይለዋል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«ዓይኔ ዳነ ካልኩ ምን አዳነህ ይሉኛል። ውሸት አልናገርም። እውነቱን ከነገርኳቸው ደግሞ የተማረ ልጅ አለኝ እያልኩ የኖርኩት ምን ሊሆን ነው? ተወው።»

እሁድ ሊመሽ ሲል አባቴ በርጩማ ላይ ወጣ። ልርዳህ ብለው እምቢ አለኝ። አዲሱን አምፖል ፈቶ በጨርቅ ጠቀለለና አልጋው ሥር አስቀመጠው። በምትኩ ያንን አምና ያመጣሁትን ባለ ሦስት ዋት መልሶ ሰቀለ። ሰዎቹ መጡ፤ አባቴ ከበሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ጴጥሮስም የስልኩን ባትሪ አበራ። እንግዳ ሆና የመጣች አንዲት ሴት ወደ ላይ አየት አድርጋ፣ ይሄ አምፖል ደህና ነው ወይ ብላ ጠየቀችው።

«ልጄ ነው ያመጣልኝ» አላት አባቴ፤ «አምስት ኮከብ አለው።»