የወይዘሮ ፉሳኤ ኦታጋይሳማ

ወይዘሮ ፉሳኤ በረንዳቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የባቄላ እሸት ይፈለፍላሉ። ጎረቤታቸው ቺዙሩ ጠዋት ሦስት ኪያር ሰጥታቸዋለች፤ ባቄላው ከምሳ በፊት እሷ ቤት መድረስ አለበት።

በየሰፈሩ በስጦታ የማይረቱ አንድ ሰው አይጠፉም። ለኢሶኖ ወደብ ሰፈር የደረሱት ክብርት ወይዘሮ ፉሳኤ ናቸው። ካፋቸው አንድ ቃል አይለይም፦ «ኦታጋይሳማ»። «አንቺም እኔም ያው ነን፤ ዛሬ ባንቺ፣ ነገ በኔ» እንደማለት ነው። ቃሉ ግን ሕግ አለው። የሚለው የተቸገረው ወይም የረዳው ነው። ያስቸገረው ሰው ቀድሞ ካለው ዓይን አውጣ ይባላል።

የአናጢው ድመት የተሰጣ ዓሣቸውን ጠራርጋ ስትበላ፣ አናጢው እስከ ጉልበቱ አጎንብሶ ይቅርታ ጠየቀ።

«ኦታጋይሳማ! የኔ ድመትስ ያንተን ትበላ የለ?» አሉት።

ድመት ኖሯቸው አያውቅም።

ቺዙሩ በአሥራ አንድ ዓመት ጉርብትና ይህን ቃል አንዴ እንኳ ልትላቸው አልታደለችም። ምንም ብትሰጥ ብድሯ ሳትቀመጥ ይደርሳል። አንድ ማለዳ ጎመን በጨርቅ ቋጥራ በራፋቸው ላይ ጥላ ሸሸች። ግማሹ ተቀምሞ ተመለሰላት።

«በምን አወቁኝ?»

«በቋጠሮሽ! እንዳንቺ አጥብቆ የሚያስር ማን አለ?»

በዝናቡ ወር ወይዘሮ ፉሳኤን ደረጃ ላይ እግራቸውን ወለም አላቸው። ቺዙሩ የሩዝ አጥሚት በሳህን ይዛ ገባች። ገና ሳይቀምሱት በአንድ እግራቸው ወደ ጓዳ ሲያነክሱ አየቻቸው።

«እትዬ፣ ምን ፍለጋ ነው?»

«ሳህንሽ ባዶውን ይመለስ እንዴ? ምን ይሉኛል?»

«እግርዎ ቢሰበር ምን እንደሚሉኝስ አስበዋል? ይቀመጡ!»

ተቀመጡ። የሚሰጡት ነገር አጠገባቸው አልነበረም።

«አስቸገርኩሽ፣ ልጄ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ቺዙሩ ማንኪያውን ከሳህኑ አጠገብ አኖረች።

«ኦታጋይሳማ» አለች፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ።

ወይዘሮ ፉሳኤ ቀና ብለው አዩዋት። ማንኪያውን አነሡና አጥሚቱን እስከ መጨረሻው ጠጡት።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።

እግራቸው ከዳነ ሦስት ሳምንት ሆነ። ዓሣ ገበያ ይወርዳሉ፣ የመቅደሱን ደጅ ይጠርጋሉ፣ የሰፈሩን ሁሉ በር ያንኳኳሉ። የቺዙሩን ሳህን ግን እስካሁን አልመለሱም።