ኬሂንዴን የሰረዘችው አፕዴት

ደህና የሚሠራ ነገር አይቶ እጁን መሰብሰብ የማይችል ሰው የሌለበት ከተማ እስካሁን አልተቆረቆረም። በየሰፈሩ አንድ አለ። ሬዲዮው ጥርት ብሎ ሲያወራ አንቴናውን ያዞራል። በሩ ሳይጮህ ሲዘጋ ማጠፊያውን ይፈታል። ወጡ ቀምሶ ጣፋጭ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ጨው ይነሰንስበታል። ክፋት የለበትም፤ ዓለም ከዛሬው ነገ ትሻላለች ብሎ ከልቡ ስለሚያምን ብቻ ነው የማያስተኛን።

የእኛው ሰው ክቡር ኦጋ ላንሬዋጁ ናቸው። ዕድሜያቸው ከእኔ ብዙም አይርቅም፤ አንቱታውም፣ አለቃ ማለት የሆነው «ኦጋ»ም ለላፕቶፓቸው ነው። ኢግቦ ኦራ በምትባለው ከተማችን ውስጥ፣ እኔ መረጃ በማስገባበት ጤና ጣቢያ፣ ከመድኃኒት ክፍሉ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ይቀመጣሉ። የሕፃናት ክትባት የሚታይበት ዳሽቦርድ አለን፤ በከተማው ስንት ሕፃን እንዳለ፣ ስንቱ እንደተከተበ፣ ስንት ብልቃጥ እንደቀረ የሚያሳይ ሰሌዳ ነው። ዋናው ፕሮግራም ከላይ የመጣ ስለሆነ ማንም አይነካውም። በላዩ የተጫነችው ተቀጥላ ግን የኦጋ ላንሬዋጁ የእጅ ሥራ ናት። ከተማውን በየሰፈሩ ከፍላ፣ ያልተከተበውን ቀይ ቀብታ የምታሳየን እሷ ናት። እሳቸው ወለዷት፣ እሳቸው አሳደጓት፣ አሁንም በየሳምንቱ ፊቷን ያጥቧታል።

አፕዴት ባወጡ ቁጥር ለጤና ጣቢያው የዋትስአፕ ቡድን በድምፅ ያውጃሉ።

«የተከበራችሁ ቤተሰቦች! ቁጥር ሦስት ነጥብ ስድስት ተወልዳለች! አሮጌዋን ዝጉ፣ አዲሷን ክፈቱ፣ ደስም ይበላችሁ!»

አዋጁ የሚደርሰኝ አማላ የምንለውን ገንፎ እያማሰልኩ፣ አንዱ ልጄ እግሬን፣ ሌላው ቀሚሴን ጨብጦ ሲጎትተኝ ነው። በአንድ እጄ «ምን ቀየሩ ኦጋ?» ብዬ እጽፋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ትንሽ ነገር ነው የነካሁት።»

ይህን ቃል የሰማ ሰው የሚደገፈው ግድግዳ ቢፈልግ ይሻለዋል። አንድ ጊዜ የካርታውን ቀለም ሊያሳምሩ ትንሽ ነገር ነኩና ጤና ጣቢያችን ከነአጥሩ ተነሥቶ ባሕር መሀል ገባ። በምሥራቅ ውኃ፣ በምዕራብ ውኃ፣ መሀሉ ላይ እኛ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ማትሮን ፎላሻዴ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ደመወዜ ላይ የጀልባ አበል ይታሰብልኝ» አሉ። «አንተ ላንሬዋጁ፣ ክትባቱን ለዓሣ ልስጥ?»

«ማትሮን፣ እስከ ነገ ይታገሱኝ፤ ወደ የብስ እመልሳችኋለሁ።»

መለሱን። ሲመልሱን ግን ብልቃጥ ሊያልቅ ሲል የምትጮህ ደወል ጨመሩልን። ደወሏ ብልቃጥ ሲያልቅ ጮኸች፤ ሲሞላም ጮኸች፤ ማንም ምንም ሳይነካ ጮኸች። የክትባት ቀን ጠዋት እናቶቹ እያጨበጨቡ የሚዘፍኑት የጤና ዘፈን አለ፤ ደወሏ መሀሉ ላይ ገባች። የእኛ እናቶች አልተቆጡም። ጥቂት አዳመጧትና ምቷን ያዙት፤ ዘፈኑ ከእሷ ጋር ሄደ፣ ትከሻና ወገብ ተነቃነቀ። ኦጋ ችግሩን ባስተካከሉ ማግስት የካሳቫ ዱቄት የምትሸጠው ሞሪናት በራቸው ድረስ ሄዳ፣ «ከበሮአችንን ማን ወሰደብን?» ብላ አፋጠጠቻቸው።

ስቀልድ የማማርር እንዳይመስልባችሁ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ቤት የቀረሁ፣ ኮምፒውተር እዚህ ሥራ ላይ የለመድኩ ሴት ነኝ። ተቀጥላዋ ሳትመጣ በፊት የትኛው ሰፈር ልጆቹን እንዳላስከተበ የምናውቀው ልጆቹ ሲታመሙ ነበር። አሁን ጠዋት ሰሌዳውን ከፍቼ ቀዩን አያለሁ፤ ለማትሮን እነግራቸዋለሁ፤ ነርሶቹ ክትባቱን ይዘው በኦካዳ ሞተር ይበራሉ። ከሰዓት ቀዩ ቢጫ፣ በማግስቱ አረንጓዴ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው ነገን እንዴት ይጠራጠራል? አንዳንዴ ሰፈሩ ቀለም ሲቀይር ብቻዬን አጨበጭባለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ልግባ። እኛ ከተማ ገበያ መሀል ቆማችሁ የመንታ እናት ለማለት «ኢያ ኢቤጂ!» ብላችሁ ብትጣሩ ግማሹ ገበያ ዞሮ ያያችኋል። ቀሪው ግማሽ ያልዞረው መንታዎቹን አዝሎ መዞር ስላልተመቸው ነው። መንታውን የሚያመጣብን የባሚያ ቅጠል ወጡ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አማላዬን የምበላው በእሱ ስለሆነ አልከራከርም። ቀድሞ የወጣው ታይዎ ነው፣ ተከታዩ ኬሂንዴ፤ በእኛ ዘንድ ታላቁ ግን ኋላ የወጣው ነው። ስም አናወጣላቸውም፤ ይዘውት ነው የሚመጡት። የእኔዎቹም እንደዚያው ናቸው።

የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ሊጀመር ነበር። ብልቃጡ የሚመጣው ከኢባዳን መጋዘን ነው። መጋዘኑ ደግሞ ሰው አይጠይቅም፤ ዓርብ ቢሮ ሲዘጋ ሰሌዳው ላይ ያለውን የሕፃናት ቁጥር አይቶ ያንኑ ያህል ይጭናል። በዚያው ሳምንት ከላይ ወቀሳ መጣ፦ «ከተማችሁ ውስጥ ሁለቴ የተመዘገበ ልጅ በዝቷል።» እውነታቸውን ነው። እኛ ጋ አንድ ልጅ ዛሬ መስጊድ በወጣለት ስም ይመጣል፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ አያቱ ባወጣችለት።

ኦጋ ላንሬዋጁ ወቀሳውን ሲሰሙ ሠርግ የተጠሩ መሰሉ። ዓርብ ጠዋት አዋጁ ወጣ።

«የተከበራችሁ ቤተሰቦች! ቁጥር አራት ተወልዳለች! ይህችኛዋ ድግግሞሽን ታጠፋለች። በስም አትታለልም። እናቱን፣ ቤቱን፣ የተወለደበትን ቀን ታያለች፤ ሁለት አንድ ዓይነት ካገኘች አንዱን ትሰርዛለች። ሰሌዳው እንደ ላባ ቀሏል!»

እውነትም ቀሎ ነበር። ከፈትኩት፤ ብልጭ ብሎ መጣ። አዲስ አፕዴት ስሞክር መጀመሪያ የምፈልገው የራሴን ልጆች ነው። ታይዎ አለ። ኬሂንዴን ፈለግሁ፤ የለም። ደግሜ ፈለግሁ፤ የለም። የሕፃናቱን ቁጥር የሚያሳየው ዓምድ ጫፉን እንደገመጡት ሸንኮራ አጥሯል።

ኬሂንዴ በዚህ ሰዓት ጀርባዬ ላይ ታዝሎ ጆሮዬን ይጎትታል። እንዳዘልኩት ወደ ጠባቧ ክፍል ሮጥኩ።

«ኦጋ፣ ይሄ ማነው?»

«ምን ማለትሽ ነው? ኬሂንዴ ነዋ!»

«ሰሌዳዎ ግን የለም ይላል።»

ስክሪኑን አዩ፤ ልጄን አዩ፤ እንደገና ስክሪኑን አዩ። «ትንሽ ነገር ነበር የነካሁ...» አሉና ድምፃቸው መንገድ ላይ ቀረ።

«ትንሽ?» ማትሮን በሩ ላይ ቆመዋል። «የከተማውን ግማሽ ነው እኮ የነካኸው!»

«ማትሮን፣ በእህቴ ልጆች ሞክሬያታለሁ። በደንብ ነው የሠራችው።»

«እህትህ መንታ አላት?»

«የላትም።»

«አንተስ መንታ ሆነህ ነው የተወለድከው?»

«እንዳልሆነ ያውቃሉ እኮ።»

«በቃ! በዚህ ከተማ ብቻውን የተወለደ ሰው ሁለት ነገር ሲያይ ስህተት ይመስለዋል!»

ወረፋ የሚጠብቁት እናቶች ሰምተው በሩን ሞሉት። ሞሪናት ከፊት ናት።

«ማንን ነው የሰረዘው? ኬሂንዴን? ታላቁን?» አለች። «ታይዎን ‹ቅደምና ዓለምን ቅመሳት፣ ደግ ከሆነች ጥራኝ› ብሎ የላከውን? ሰው መልእክተኛውን አስቀምጦ ላኪውን ይሰርዛል?»

«ኢያ ኢቤጂ፣ ማሽኗ እኮ ይህን አታውቅም...»

«እሷስ አታውቅም። አንተን እዚህ አይደል እንዴ ያሳደግንህ?»

ሳቁ ሊጀመር ሲል ማትሮን እጃቸውን አነሡ። «መጋዘኑ ዛሬ ነው የሚቆጥረው» አሉ ቀስ ብለው። «በዚህ ቁጥር ከጫኑልኝ ከየጥንዱ አንዱን ብቻ ነው የምወጋው። አንዱ ይከተባል፣ አንዱ ለኩፍኝ ይቀራል። የትኛውን ልምረጥ? ማን ይምረጥልኝ?»

ጀርባዬ ላይ ኬሂንዴ ተወራጨ። እጄን ወደ ኋላ ልኬ እግሩን ያዝኩት።

ኔትወርክ ደህና የሚይዘው ከውኃ ታንከሩ ሥር ነው። ኦጋ ላፕቶፓቸውን አቅፈው ወጡ፤ ሞሪናት የዱቄት ባልዲዋን ገልብጣ ጠረጴዛ አደረገችላቸው። እናቶቹ ከበቧቸው፤ አንዷ በነጠላ ጨርቅ ፀሐዩን ከስክሪኑ ላይ ትከልላለች።

«የተሰረዙት አልጠፉም» አሉ ኦጋ ላባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ፤ «ደብቃቸው ነው። አሁን እንድታወጣቸው አዛታለሁ።»

አዘዟት። ዓምዱ ተነሣ! እልል አልን። ዓምዱ ግን አልቆም አለ። የድሮ ቦታውን አለፈ፣ የስክሪኑን ጣሪያ ነካ። ጎንበስ ብዬ አየሁ።

«ኦጋ፣ የእህትዎ ልጆች ሁሉ መንታ ሆነዋል።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት፣ እንኳን አላህ አተረፋት!» አለች ሞሪናት። «ያውም ሳታምጥ!»

ይህን ጊዜ የማትሮን ስልክ ጮኸ። የኢባዳኑ መጋዘን ሰው ነው፤ ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል።

«ማትሮን፣ ጠዋት ልጆቻችሁ ቀነሱ፣ አሁን እጥፍ ሆኑ። ምንድን ነው የምትሠሩት እናንተ ሰዎች?»

«እየወለድን ነዋ!» አሉ ማትሮን። «የምትደውለው ኢግቦ ኦራ መሆኑን ረሳኸው? ታገሰን፣ ገና አልጨረስንም።»

«ቢሮው ሊዘጋ ነው እኮ!»

«ምጥ በሰዓት አይታዘዝም!» ብለው ዘጉበት። ዘግተው ግን ወደ ኦጋ ሲዞሩ ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም።

ኦጋ ላንሬዋጁ እጃቸውን ከላፕቶፑ ላይ አነሡ። ካወቅኋቸው ጀምሮ እጃቸውን ሲያነሡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጀርባዬ ላይ ያለውን ልጅ ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱት።

«ማሽኗ እንድትወስን ነው ያደረግኋት» አሉ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። «መወሰን የለባትም። መጠየቅ ነው ያለባት።»

ከዚያ በኋላ የጣታቸውን ፍጥነት ማየት ነበር! ማሽኗ ማንንም እንዳትሰርዝ አዘዟት። ሁለት ተመሳሳይ ልጆች ስታገኝ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጣ «መንታ ናቸው?» ብላ ትጠይቀናለች፤ የምንመልሰው እኛ ነን። ትርፎቹን መንታዎች አጠፉ፣ የተደበቁትን ብቻ መለሱ፣ ከዚያም ቁልፉን ተጫኑት።

ዓምዱ ወረደ። ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። ሞሪናት ማጨብጨብ ጀመረች፤ ሌሎቹ ዘፈኑን ተቀበሏት። ሰፈር በሰፈር ልጆቹ ተመለሱ። አንዷ «የእኛ ሰፈር ገባ!» ስትል ሌላዋ «የእኛስ? የእኛስ?» ትላለች። የልጄን ስም ጻፍኩ።

ኬሂንዴ። አለ።

ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። ልጁ ግን ደንግጦ አለቀሰ፤ ማትሮንም «መኖሩን በድምፁ አረጋገጥን» አሉ። ኢባዳን ሲደወል ሰውዬው ሊወጣ ቁልፍ ይዞ ነበር። እያጉረመረመ ሰሌዳውን አየ፤ ቁጥሩንም ወሰደ።

ብልቃጡ መጣ፤ ለሁሉም በቃ። የዘመቻው ቀን ግቢው ጠጠር መጣያ አልነበረውም። ታይዎ ተወግቶ ዝም አለ፤ ኬሂንዴ ገና መርፌውን ሳያይ አገሩን በጩኸት አናወጠው። ሰሌዳው ላይ ሰፈሮቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ይሆናሉ፤ እኔ እያስገባሁ እስቃለሁ።

ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። ከዚያ ዓርብ ወዲህ አዋጅ አልተሰማም። «የተከበራችሁ ቤተሰቦች» የሚል የለም። ማታ አማላ እያማሰልኩ ስልኬን አየዋለሁ፤ ዝም ብሏል። ኦጋ ላንሬዋጁ በዘመቻው ቀን በሩ አጠገብ ቆመው፣ ላፕቶፓቸውን ዘግተው፣ እናቶችን ያሰልፋሉ። ሞሪናት እንኳ ልትተርባቸው መጥታ ፊታቸውን አይታ ዱቄት ሰጥታቸው ሄደች።

ጠራኋቸው።

«ኦጋ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት።»

«ተበላሸ እንዴ?» ደነገጡ። «እኔ እኮ ምንም አልነካሁም!»

«አልተበላሸም። ብቻ ይሄ የሰፈሮቹ ስም... ፊደሉ አነሰብኝ። ዓይኔን እያመመኝ ነው።»

«ፊደሉ?» ጠጋ አሉ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆይቷል። ልነግርዎት አፍሬ ነው።»

«ታዲያ እንዴት ዝም ትያለሽ! ይሄ እኮ...» ወንበር ሳቡ። የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥኑ ላይ ላፕቶፓቸውን ከፈቱ። ትከሻቸው ወደ ቦታው ሲመለስ አየሁት። «ፊደሉን ብቻ ለምን? የዓምዶቹንም ስፋት፣ ደግሞ ማትሮን ያለ መነጽር እንዲያዩት...» ከዚያ በኋላ የሚያወሩት ከእኔ ጋር አልነበረም።

ማታውኑ አዋጁ ወጣ። የሰፈሮቹ ስም ፊደሎች አድገው ዛሬ ከግቢው በር ላይ ለቆመ ሰው ይነበባሉ።

እኔ ግን ሳያድጉ በፊትም ከዚያው ቆሜ አነባቸው ነበር።