ወደ ውስጥ የተባለ እሺ

ሌላው የዓለም ሕዝብ «አዎ» ሲል ትንፋሹን ያወጣል። እኛ እናስገባለን። እስካሁን ካላስተዋላችሁት አጠገባችሁ ያለውን ሰው «ምሳ በላህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከንፈሩን ከፈት፣ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ አንዲት አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይስባል፤ በቃ፣ በልቷል። ባዕድ ሰው ቢያየው ግን ከኋላው የሆነ ነገር አይቶ የደነገጠ ይመስለዋል። በምሠራበት መጋዘን አብሮኝ የሚውል አንድ አሜሪካዊ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደጋግሞ ወደ ኋላው ዞር ብሎ ካየ በኋላ፣ «አስም አለብህ እንዴ?» ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። የለብኝም። እየተስማማሁለት ነበር።

ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤአለሁ። እኔ እንግዲህ ስለ ሁሉም ነገር ብዙ የማስብ ሰው ነኝ፤ በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ እጀታውን የምነቀንቅ፣ መኪናዬ ጋ ስደርስ ደግሞ «ነቅንቄው ነበር ወይስ አልነቀነቅሁትም?» የምል። ከአፍ የወጣ ቃል ተመልሶ አይገባም ይባላል። መጀመሪያውኑ ያልወጣውስ? ወደ ውስጥ የተባለ እሺ የት ነው የሚቀመጠው? ባለቤቱ ሲሞትስ አብሮት ይቀበራል ወይስ እዚሁ ይቀራል?

የመጨረሻውን ጥያቄ እንኳ በራሴ አላመጣሁትም። ያመጣችብኝ እትዬ የሺ ናት።

እትዬ የሺ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ እዚሁ አሜሪካ፣ ሬይኖልድስበርግ በምትባል ከተማ ትኖራለች። ባለቤቷ ጋሼ ታምሩ በራሳቸው ቫን የሆቴል ሠራተኞችን ከየቤታቸው እያነሱ ኢስተን ወደሚባለው የሆቴሎች ሰፈር ያደርሱ ነበር። ቫኑን የገዙት በሎን፣ በብድር ነው። ከተፈራረሙ በኋላ ከሎኑ ድርጅት አንድ ሰው ደወለላቸውና፣ ቢታመሙ ወይም ከሥራ ቢወጡ ወርሃዊ ክፍያቸውን የሚከፍልላቸው ኢንሹራንስ ጨመረላቸው። መልካም ነገር ነው። አንዲት ጉድለት ብቻ ነበረችበት፤ የሚከፍለው ለተቀጣሪ ሠራተኛ ብቻ ነው። ጋሼ ታምሩ ደግሞ የማንም ተቀጣሪ አልነበሩም። ቤት ውስጥ ብቻ የሚዘረጋ ዣንጥላ ሸጡላቸው ማለት ነው።

ታመው በተኙ ጊዜ ኢንሹራንሱ «ከአሠሪዎ ደብዳቤ ያምጡ» አላቸው። አሠሪያቸው እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ትራሳቸውን ደገፍ ብለው ጻፉ፦ ሠራተኛዬ አቶ ታምሩ ታታሪ፣ ታማኝና ጠባየ መልካም ሲሆን በሕመም ምክንያት ከሥራ መቅረቱን አረጋግጣለሁ። ከታች «ታምሩ፣ አሠሪ» ብለው ፈረሙ። እትዬ የሺ ይህን ስታወራ ዛሬም ትስቃለች፤ «እኔን እንኳ አንድ ቀን እንዲህ አመስግኖኝ አያውቅም» እያለች። ኢንሹራንሱ ግን አልሳቀም። ጋሼ ታምሩም አልተነሡም።

ከቀብሩ በኋላ መሪውን እሷ ጨበጠች። የሕመሙ ወራት ውዝፍ ግን ተከምሮ ነበርና፣ ድርጅቱ ቫኑን ሊወስደው መሆኑን አስታወቃት። ለኢንሹራንሱ ሲቆረጥ የኖረው ገንዘብ ቢመለስላት ውዝፉን ይሸፍናል፤ ቫኑም በሯ ላይ ያድራል። ባይመለስ መተዳደሪያዋ ተጎትቶ ይሄዳል።

«አንተ ወረቀት የምታነብ ልጅ ነህ» አለችኝ። በእኛ ቤተሰብ ይህ ሹመት ነው፤ ይግባኝ የለውም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዋ ላይ ማስረጃዎቼን ደረደርሁ። ተቀጣሪ አለመሆናቸውን፣ ድርጅቱም ይህን ያውቅ እንደነበር የሚያሳየውን ሁሉ በየተራው አስቀመጥሁ። ከዚያም አንድ ምክር ጨመርሁ።

«እትዬ፣ እኔ እንድናገርልሽ ፈቃድሽን ሲጠይቁሽ አፍሽን ከፍተሽ ‹የስ› በይ። ስልኩ ይቀዳል። ትንፋሽ አያውቁልሽም፣ እንዳትተነፍሺ።»

«ታዲያ ሳልተነፍስ ልሙትልህ?»

ለሎኑ ድርጅት ደውዬ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግሁት። ያነሳችው ሴት ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ፈቃድ ስትጠይቅ እትዬ የሺ ጎረቤት እስኪሰማ «የስ!» አለች። እኔም ክርክሬን በቅደም ተከተል አቀረብሁ፤ ለራሴ እንኳ አሳማኝ መሰለኝ። ሴትዮዋ በትዕግሥት አዳምጣ ስታበቃ፣ ለተቀጣሪ ብቻ መሆኑ በውሉ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ስለሚገኝ አያከራክርም አለችኝ። «ይሁን እንጂ ኢንሹራንሱ የተሸጠበት የስልክ ንግግር ተቀድቶ ተቀምጧል። ላሰማችሁ።»

ይህን አላሰብሁትም ነበር። ሁሉን አስቤ ይህን አላሰብሁትም።

ስፒከሩ ትንሽ ሽሽ አለ። ከዚያ፣ «ሄሎ» አሉ ጋሼ ታምሩ።

እትዬ የሺ ወደ ስልኩ አላየችም። ያየችው ወደ በሩ ነው።

ድምፃቸው ጤነኛ ነበር፤ ገና ያልታመመ፣ ምንም የማያውቅ። ሻጩን በእንግሊዝኛ ደኅንነቱን ጠየቁት፤ ቀጥሎ ቤተሰቡን፣ ቀጥሎ እናቱን። ሻጩ እናቱ ምን እንደሆኑ ግራ ገባው መሰል «እናቴን?» አለ። ከኋላቸው የፍሬቻ ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ቫኑን ዳር አስይዘው ነው የሚያወሩት ማለት ነው። ያው ቫን በዚያች ሰዓት ከመስኮቱ ውጭ ሞተሩ ጠፍቶ ቆሟል። ዞር ብዬ አየሁት። ለምን እንዳየሁት አላውቅም፤ መብራቱ አይበራም ነበር።

«እንግዲህ ጌታዬ፣ ይህን ጥበቃ ሎንዎ ላይ እንድጨምርልዎ ይፈልጋሉ?» አለ ሻጩ።

ቀጭ። ቀጭ። ቀጥሎ ያቺ ትንፋሽ መጣች፤ አጭር፣ ስለታም፣ ወደ ውስጥ። ከስልኩ የወጣች ሳይሆን ከክፍሉ አየር ላይ ጥቂት የወሰደች ነበር የመሰለኝ። ክንዴ ላይ ያለው ጠጉር ቆመ።

«ሄሎ?» አለ ሻጩ። «ይሰሙኛል? እሺ፣ ጨምሬዋለሁ።» ድምፁ ተቋረጠ።

ሴትዮዋ ተመለሰች። «እዚህ ላይ ‹ምላሽ የለም› ተብሎ ነው የተመዘገበው። ባለቤታቸው አዎ አላሉም፤ ሠራተኛችን ዝም ብሎ አልፎታል። ይህ የእኛ ጥፋት ስለሆነ ገንዘቡ ይመለሳል።»

እውነተኛው ምክንያታችን በር ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ፣ ሐሰተኛው በጓሮ ገብቶ ተቀምጦ ነበር። ይህ ሁሉ ለእኔ ደስታ መሆን ነበረበት። እትዬ የሺ ግን እጄን ያዘች። እጇ ቀዝቅዟል።

«ዝም አላለም» አለችኝ በአማርኛ። «እሺ ብሏል። ንገራት።»

«እትዬ፣ ቫኑ እኮ...»

«ሙት ወቃሽ አታድርገኝ! ታምሩ ተጠይቆ ዝም ይላል? ባሌ ሰው ሲያናግረው የማይመልስ ባለጌ ነበር አሰኝቼ ነው ቫን የምነዳው? አሁን በጆሮህ ሰምተኸዋል። ንገራት።»

«ጌታዬ» አለች ሴትዮዋ፣ «ለመዝገቡ አንድ ጥያቄ ብቻ። በሰማነው ድምፅ ውስጥ ሟቹ መስማማታቸውን የሚያሳይ ነገር ሰምተዋል?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ እንደነበር አላውቅም። አንድ ወገን እትዬ የሺ አለች፤ እጄን እንደያዘች። አንድ ወገን ቫኑ አለ። መሐል ላይ ደግሞ ጋሼ ታምሩ፣ ያልወጣ ቃላቸውን ይዘው። እኔም በሐቅ መለስሁ። ምንም ሳልደብቅ፣ ሳላቅማማ፣ የእናቴ ልጆች ሁሉ በሚመልሱበት መንገድ መለስሁ።

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብሁ።

«ሄሎ?» አለች ሴትዮዋ። «ይሰሙኛል? እሺ፣ ‹ምላሽ የለም› ብዬ እሞላዋለሁ።» አመሰገነችንና ዘጋች። ልጨምር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ወይም የከፈትሁ ይመስለኛል። ዘገየሁ ወይስ አዘገየሁት? ይህን እጀታ እስከ ዛሬ እየተመለስሁ እነቀንቀዋለሁ።

«ነገርካት?» አለች እትዬ የሺ።

አሁንም ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብሁ።

«ጎሽ» አለችና እጄን ለቀቀች።

ገንዘቡ ከውዝፉ ላይ ተቀነሰ፤ ቫኑም በሯ ላይ ቀረላት። እኔ ግን አንድ ነገር አይለቀኝም። በማላውቀው ቦታ፣ ሰው በሌለበት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ አንድ መሣሪያ ሁለት ትንፋሽ ይዞ ተቀምጧል። አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የእኔ። በሁለቱም ላይ «ምላሽ የለም» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ሰው አከታትሎ ቢያሰማኝ የሟቹ የትኛው እንደሆነ እለያለሁ? አይመስለኝም።

ባለፈው መኪናዬ ጋራዥ ገብታ እትዬ የሺ በቫኑ አሳፈረችኝ። ጭጋጋማ ጠዋት ነበር። ሠራተኞቹን ኢስተን አራግፈን፣ ሁለታችን ብቻ ቀርተን፣ ወደ መጋዘኑ ለመታጠፍ መብራት ላይ ቆምን። ፍሬቻው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። እትዬ የሺ ወደ እኔ ሳትዞር፣ መስተዋቱን እያየች፣ «ታምሩ፣ አሁንስ ልብህ አረፈ?» አለች።

ከኋላ፣ ከባዶዎቹ ወንበሮች በኩል፣ አንዲት አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ተሳበች።

እሷ ራሷን ነቀነቀችና ታጠፈች፤ እንደ ማንኛውም መልስ ያገኘ ሰው። እኔ ማሞቂያውን አየሁ። ጠፍቷል። መስኮቶቹን አየሁ። ተዘግተዋል። ነገሩን እንደ ልማዴ በጥንቃቄ ስመዝነው፣ የተነፈስሁት እኔው ሳልሆን አልቀርም። ሰው ተጠይቆ ዝም ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ከሁለታችን አንዳችን መመለስ ነበረብን።