«ውሃ ጠፋ» በእንግሊዝኛ

እኛ ስለ ውሃ ስናወራ ስለ ሰው የምናወራ ነው የሚመስለው። ውሃ መጣ እንላለን። ሄደ እንላለን። ጠፋ እንላለን። ሲቆይብን «ምን ነክቶት ነው ዘንድሮ እንዲህ የቀረው?» ብለን እናማዋለን። ጸባይም አለው። ይኮራል፣ ያኮርፋል፣ ሰው ሲተኛ ሹልክ ብሎ መጥቶ ሰው ሳይነሳ ይሄዳል። አሜሪካኖች እንዲህ ያለ ቋንቋ የላቸውም። ምን ያደርግላቸዋል? ቧንቧ ይከፈታል፣ ውሃ ይወርዳል፣ አለቀ። ሄዶባቸው የማያውቀውን ነገር መሄጃ ግስ ምን ብለው ያበጁለታል?

እኔም እዚህ አገር ውሃ የማይሄድ መስሎኝ ነበር። ይህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ ላንግሊ ፓርክ መውጫ ካለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ከመከራየቴ በፊት ነው። ሕንፃው ቀይ ጡብ ነው፣ ሊፍት የለውም። ጡቡ አርጅቷል፣ ቧንቧው ከጡቡ ይበልጥ አርጅቷል፣ የአከራዩ ቢሮ ሰበብ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። አንድ የጸደይ ወቅት ላይ ውሃው መቅጠን ጀመረ። ጠዋት ክር አክሎ ይወርዳል፣ ከሰዓት ይንጠባጠባል፣ ማታ ቧንቧውን ስንከፍተው እንደ አስም በሽተኛ ያፏጫል። ቢሮው በር ላይ ወረቀት ለጠፈ። ለጊዜው የውሃ እጥረት አለ፣ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን ይላል።

«ለጊዜው» ሦስት ሳምንት ሆነው። እሱን እንኳ ልለፈው። እኔን ያበገነኝ «ለተፈጠረው» የሚለው ነው። ተፈጠረ? ማን ፈጠረው? ዝም ብሎ ከሰማይ ወረደ? ኪራይ ሲሆን የሚፈልገው ሰው ስምና አድራሻ አለው፤ መጉላላት ሲሆን ግን ወላጅ አልባ ነው።

ሥራዬ አሌክሳንድሪያ ውስጥ መኪና ማጠብ ነበር። ቀኑን ሙሉ በወፍራም ጎማ ውሃ ስረጭ እውላለሁ። መኪናው አንድ ጊዜ ለቆሻሻው፣ አንድ ጊዜ ለሳሙናው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለክብሩ ይለቀለቃል። ማታ ቤቴ ስገባ ፊቴን የምታጠብበት የለኝም። መኪና ሆኜ ብፈጠር ኖሮ እያልኩ ያደርኩበት ቀን አለ።

ውሃ ማጣት ብርቅ ሆኖብኝ አይደለም። ደሴ ነው ያደግኩት። አባቴ ሞተ፣ እኔ ጀሪካን ያዝኩ። ከቦኖ እየቀዳሁ ለሰው ቤት አመላልስ ነበር። ገመዱ ትከሻዬ ላይ የሠራው ምልክት አሁንም አለ። ስሜ ሙሐመድ ነው፤ ሰፈሩ ግን «ሙሄ ጀሪካን» ነበር የሚለኝ። ከዚህ በላይ አላወራም።

ትንሽ ግን ላውራ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባም። ውሃ ከማደርስላቸው ቤቶች አንዱ የሐጂ ሰይድ ቤት ነበር። ግቢያቸው ውስጥ ቧንቧ አላቸው፤ ቧንቧውም እንደ ባለቤቱ ኩሩ ነው፣ ሲያሻው ብቻ ነው ቃል የሚተነፍሰው። ዘሃራ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። ካደግን በኋላ ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ትንሽ ይታሰብበት ተብሏል አሉኝ። ደጎች ናቸው፣ ዋሹልኝ። ሰፈሩ ግን ደግ አልነበረም፤ ሐጂ ያሉትን ቃል በቃል ነገረኝ፦ «ልጄን ለጀሪካን አልሰጥም።»

ከዚያ ዲቪ ደረሰኝ። ጀሪካኑ በአንድ ጀንበር ተረሳ፣ እኔም አቶ ሙሐመድ ሆንኩ። ዘሃራን አገባሁ። ቂም ይዤ ነበር? እሱ ቃል አልወጣኝም። አልረሳሁም ነው የምለው።

ታዲያ በዚያው ጸደይ ሐጂ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። ከመምጣታቸው በፊት በስልክ አነጋገሩኝ። ስለ አሜሪካ ስንት የሚጠየቅ ነገር አለ፤ ሐጂ ግን ከሰላምታው ቀጥለው ውሃችሁስ እንዴት ነው አሉኝ። ከዚህ ሁሉ ነገር ውሃ! እኔም ስንት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ ይዤው የኖርኩትን መልስ ሰጠኋቸው። «ሐጂ፣ እዚህ ውሃ አይሄድም» አልኳቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ሐጂ ቤቴ ገብተው ቧንቧ ሲከፍቱ ውሃ እንዲወርድ።

ዘሃራ እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል። ቢሮው ዘንድ በተደጋጋሚ ኮል አድርጋ በትክክለኛው እንግሊዝኛ «ኖ ዋተር» ብላቸዋለች። እናየዋለን ይሏታል። ምኑን ነው የሚያዩት? የሚታይ ነገር ቢኖር መች እንደውል ነበር? ሐጂ ሊገቡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ትዕግሥቴ አለቀና እኔው ደወልኩ። ሰው ሲናደድ በእናቱ ቋንቋ ነው የሚያስበው። ውሃ ጠፋ ልል ፈለግኩ፤ ከአፌ የወጣው «ዋተር ኢዝ ሎስት» ነው።

ስልኩን ያነሳችው የቢሮዋ ሴትዮ ነበረች። ከየት ነው የጠፋው አለችኝ። ከቧንቧው ነዋ፣ ከየት ሊጠፋ ኖሯል? ምን ያህሉ አለችኝ። ሁሉም አልኳት። ከመቼ ጀምሮ ስትለኝ ሦስት ሳምንት ሆነው አልኳት። «ኦ ማይ ጋድ!» ብላ ጮኸች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሃ ሲፈስ ዝም አላችሁ? ብላ እኔኑ ተቆጣችኝ። እኔ ውሃ የለም ማለቴ ነበር፤ እሷ የሰማችው ሊክ አለ፣ ውሃ ሾልኮ እየባከነ ነው የሚለውን ነው።

ሰዓት አልሞላም። ሦስት ሳምንት ያልመጡት ሰዎች መብራት በሚያብለጨልጭ መኪና፣ ቦቲ ጫማ ተጫምተው ከች አሉ። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። እኛ ውሃ ስናጣ ችግሩ የእኛ ነው፤ ችግር የእኛ ሲሆን ወረቀት ይለጠፋል። ውሃ ሲፈስ ግን የሚበሰብሰው የእነሱ ግድግዳ ነው፤ ያን ጊዜ ሰው ይሮጣል። እንግሊዝኛን በትክክል የተናገረችው ሚስቴ ወረቀት ደረሳት። አበላሽቼ የተናገርኩት እኔ መሐንዲስ መጣልኝ።

የመጡት ሰዎች መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ምን መሰላችሁ? ሊኩን እስክናገኝ ብለው የሕንፃውን ዋና ቧንቧ ዘጉት! እስከዚያ ቀን የተጠማው ሦስተኛ ፎቅ ብቻ ነበር። በእኔ ሎስት ምክንያት ለመላው ሕንፃ አዳረስኩት። ዘሃራ ነገሩን ስትሰማ ግንባሯን ይዛ ተቀመጠች። አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብትል ምን ነበረበት አለችኝ።

ደረጃው ላይ ራሞንን አገኘሁት። ራሞን ከሥሬ፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር ሜክሲካዊ ነው። ሁለቱን እጆቹን ዘርግቶ በሰባራ እንግሊዝኛው «ውሃ ሄደ» አለኝ። ልብ በሉ፤ የለም አላለም፣ ተቋረጠም አላለም። ሄደ ነው ያለው! በእነሱም ቋንቋ ውሃ ይሄዳል፣ ይመጣል። አሜሪካ ከገባሁ አማርኛ ያናገረኝ የመጀመሪያው የውጭ ሰው ራሞን ነው። የእሱ ከተማ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ነው። ሰርግም ልብስ አጠባም በዚያ ነው የሚቀጠረው። እኛ ይህን ፈረቃ እንለዋለን አልኩት። «ፈራካ፣ ፈራካ» እያለ ደጋገማትና ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። አገሬ ላይ ድሃ ብንሆንም ቀኑን እናውቃለን፤ እነዚህ ግን ቀኑን እንኳ አይነግሩንም ብሎ ቢሮው ወዳለበት ተፋ። ከዚያ ቤቱ ገብቶ አንድ ትልቅ ሰማያዊ በርሜል እየገፋ አወጣልኝ። ሁለት ነበረው። ሜክሲኮን ጥሎ ሲመጣ በርሜል ማስቀመጡን ግን ከልቡ አልጣለም።

ሐጂ የገቡት በዚህ መሐል ነው። ሰላምታውና ዱዓው አልቆ ልጁን ከሳሙ በኋላ ለሶላት ዉዱ ሊያደርጉ ተነሱ። እጃቸው ወደ ቧንቧው ተዘረጋ። ምን ብዬ እንደዘለልኩ አላውቅም። «አይሆንም ሐጂ! እዚህ አገር የሚስት አባት ቧንቧ አይነካም፤ ነውር ነው» አልኳቸው። ሐጂ ትክ ብለው አዩኝ። «ማሻአላህ! ፈረንጅም እንዲህ ይከባበራል?» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እኔም በኩስኩስት እያፈሰስኩ አስታጠብኳቸው። እጅ፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ፊት፣ ክንድ፣ እግር። ሐጂ አይቸኩሉም።

በቀን አምስት ጊዜ ማለት ነው። እኔ ሥራ ስሆን ዘሃራ ታፈሳለች። ውሃው ከየት ይመጣል? ከአሌክሳንድሪያ። መኪና እጥበቱ ላይ ጀሪካን እሞላለሁ፣ የመኪናዬ የኋላ ኮፈን ውስጥ በጃኬት እሸፍነዋለሁ፣ በቤልትዌይ ትራፊክ እየተንቦጫቦጨ ሲልቨር ስፕሪንግ ይደርሳል። ከዚያ ሐጂ እንዳይሰሙ ደረጃውን በእግር ጣቶቼ እወጣለሁ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ እደብቀዋለሁ። ይህን ሁሉ ስሠራ ጥርሴን ነክሼ ነው። ውቅያኖስ ያቋረጥኩት ለማን ነበር? ለዚያው ቤት፣ ያንኑ ጀሪካን ለማድረስ?

ዓርብ ለጁምዓ ሐጂን ይዣቸው ወጣሁ። ዘሃራም ልጁን ይዛ ውድብሪጅ ጓደኛዋ ዘንድ ሄደች። ከመውጣቴ በፊት ከሥራ ያመጣሁትን ጎማ በወጥ ቤቱ ቧንቧ ላይ ሰካሁ፤ ሌላውን ጫፍ በራሞን በርሜል ውስጥ አስገባሁ፤ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ደግሞስ ደረቅ ቧንቧ የሚዘጋ ሰው የት አለ? ውሃ በጠፋበት ቤት ክፍት ቧንቧ ደወል ነው፤ ሲመጣ ይጠራሃል። ያደግኩት በዚያ ሕግ ነው። ራሞንም ያደገው በዚያው ሕግ ነው። ሕጉ ግን አንድ አንቀጽ አለው፤ ቤት ውስጥ የሚሰማ ሰው ይኑር ይላል። እኔ የሐጂን ካልሲ ስፈልግ እሱን ረሳሁት።

ስንመለስ ውሃ መጥቷል። ደረጃ ለደረጃ እየወረደ፣ እንደ ሙሽራ አጃቢ እየዘለለ በሩ ድረስ መጥቷል። የቢሮዋ ሴትዮ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቆማለች። ቧንቧ ሠራተኞቹ ከእኔ ቤት ይወጣሉ። ለካ የሌለውን ሊክ ሲፈልጉ ሲፈልጉ ዝጎ የተዘጋውን ዋና መክፈቻ አግኝተው ቀይረውታል። ሦስት ሳምንት ያነቀን እሱ ነበር። «ኖ ዋተር» ስንላቸው አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ቢያየው ኖሮ ያኔውኑ ይገኝ ነበር። አዲሱን መክፈቻ ሲለቁት ውሃው በሙሉ ጉልበቱ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ሴትዮዋም እኔን ስታይ ድል እንዳደረገ ጄኔራል ቀና አለች። ሊኩን አገኘነው፣ አንተ ቤት ነው አለችኝ።

በማግስቱ በሩ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ። ለተፈጠረው መጉላላት ምክንያቱ ሦስተኛ ፎቅ የነበረ ሊክ ነው ይላል። ወላጅ አልባው መጉላላት በመጨረሻ አባት አገኘ።

ያን ዓርብ ያልተናደደ ሰው ራሞን ብቻ ነበር። ጣሪያው እንደ ወንፊት ያንጠባጥባል፤ እሱ ባልዲ፣ ድስት፣ ጎድጓዳ ሳህን ሳይቀር ደርድሮ ይቀዳል። ይቅርታ ልጠይቀው ስገባ ዓርብ አይደል እንዴ አለኝ። ቀኑን ጠብቆ መጣ!

ቤቴ ስገባ ሐጂ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ወጥ ቤቱ መሐል ቆመዋል። በርሜሉን አዩ። ጎማውን አዩ። መታጠቢያ ቤት ሄደው መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ፤ ጀሪካኖቹ ተደርድረዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። «አብሽር ሙሄ» አሉኝ። ደረጃውን ስትወጣ የሰማሁህ የገባሁ ዕለት ነው፤ የባለ ጀሪካን እርምጃ የማላውቅ መሰለህ? ስንት ዓመት በሬ ላይ ሰምቼዋለሁ አሉ።  ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ ለምን በየሶላቱ አስቀዱኝ አልኳቸው፤ ድምፄን ከፍ አድርጌባቸዋለሁ። ሐጂ ኩስኩስቱን አንስተው ከወለሉ ላይ ውሃ መጭለፍ ጀመሩ። «የሚስት አባት ቧንቧ አይነካም አልከኝ እኮ፤ በሰው አገር መጥቼ የአገሩን ደንብ ልጣስ?» አሉ።

ወለሉን አብረን ስንወለውል ስልክ ጮኸ። አማቴ፣ የዘሃራ እናት ነበሩ፣ ከደሴ። ሐጂ ድምፁን ለሁለታችን ከፈቱት። ሙሄ ቤት ተመቸህ ወይ፣ ውሃቸውስ እንዴት ነው አሏቸው። ያ ቤት ከውሃ ሌላ ጥያቄ የለውም። እጄ ላይ ያለው ጨርቅ ቆመ። ሐጂ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሱ ጮክ ብለው እዚህ አገር ውሃ አይሄድም አሉ። «እንዲያውም ዛሬ ከጁምዓ ስንመለስ ደረጃውን ወርዶ በር ድረስ ተቀበለን!»

አንገቴን አቀረቀርኩ። ስንት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከትከሻዬ ላይ ሊወርድ ሲል ተሰማኝ። አማቴ ግን ገና አልጨረሱም። እኛ ዘንድ ከጠፋ ሳምንቱ ነው አሉ። እስቲ ለሙሄ ንገርልኝ፤ እጁ ካልረሳው እንደ ድሮው አንድ ሁለት ጀሪካን ብቅ ያድርግልኝ!

ሐጂ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉት። መልስ ጠፋኝ። ይህንንም «ሎስት» ብዬ ለቢሮዋ ሴትዮ ብነግራት ደግሞ ቧንቧ ሠራተኛ ትልካለች።