ማለዳ የመጡ ፊልም ተመልካቾች

አገር ሁሉ የየራሱ ፍርሃት አለው። እንግሊዝ በውድቅት ሲጥ የሚል በር ትፈራለች። እኛ የምንፈራው ነጠላቸውን አጣፍተው በማለዳ ተሰብስበው የሚመጡ ሽማግሌዎችን ነው። መርዶ በር አያንኳኳም፤ «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ይገባል።

ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ ከወልድያ አንድ የቆየ የእንግሊዝ አስፈሪ ፊልም በፍላሽ ይዤ መርሳ የገባሁት። በአንድ ፊልም ውስጥ ብዙ ታሪክ፤ ጣቢያ ውስጥ ባቡር የሚጠብቁ መንገደኞች የየራሳቸውን ያወራሉ። (ባቡር መጠበቅን፣ ሐዲዱ ተዘርግቶ ባቡሩ ላልመጣለት ለሐራ ሰው ማን ያስረዳዋል?) ደም የለ፣ ጩኸት የለ። ባርኔጣ እያነሡ፣ ይቅርታ እየተባባሉ ያስፈራሉ። ጥበብ ይህ ነው ብዬ ጎረቤቶቼን ሽማግሌዎች እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠራኋቸው። መብራት ከረፋድ ወዲያ አይታመንማ!

መጡ። ነጭ በነጭ፣ ዝም ብለው፣ ጋሽ አበበ ከፊት። በሩን የከፈቱት አከራዬ እትዬ ዘውዴ ናቸው። ልጃቸው ታደሰ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ስልኩ ከሐሙስ ጀምሮ ዝግ ነበር። ሰዎቹን አዩ። ያን ጩኸት በየትኛውም ፊልም አልሰማሁትም።

«እትዬ፣ ፊልም ልናይ ነው» ብንል ማን ይመነን? መርዶ ነጋሪስ መቼ እውነቱን ተናግሮ ይገባል? ጋሽ አበበ በእመቤታችን ማሉ።

«እንግዲያው ክፈቱታ! አብሬ አያለሁ» አሉ እትዬ።

ከፈትን። እኛ ፊልሙን ስናይ እሳቸው የእኛን ፊት ያዩ ነበር። መጨረሻው ላይ የጣቢያው ዘበኛ መጥቶ፣ መንገደኞቹ ሁሉ በባቡር አደጋ ቀድመው መሞታቸውን ነገራቸው።

«ይኸን ሁሉ ሲያወሩ የቆዩት ሞተው ነው?»

«አዎ እትዬ። አላወቁም ነበር።» ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ብዙም ሳይቆይ ስልካቸው ጠራ። ታደሰ ነው፤ ስልኩ ተበላሽቶበት በሰው ስልክ ከጎረቤት ከተማ ከውርጌሳ ይደውላል። እኛ «ተመስገን» ስንል እሳቸው ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከቱ።

«እነዚያስ ያወሩ አልነበር? ሙት የማይሆንለት መብላት ነው» አሉን። ወደ ስልኩ ተመልሰውም፣ «ልጄ፣ ድምፅህ አይበቃኝም። መጥተህ ብላልኝ» አሉት።

ከቀትር በፊት ደረሰ። አጎረሱት። ጎረቤት ሁሉ ትንፋሹን ውጦ አፉን ሲያይ ታደሰ ግራ ገብቶት አላመጠ፤ ዋጠ።

ያን ጊዜ እትዬ ዘውዴ አለቀሱ። እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን ዞሩና፣ «እነዚያንም ነፍሳቸውን ይማር» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «አሜን» አሉ።